ከምረቃው ማግስት ለሚመጣው ሰው

ለምዕራብ ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ለአምቦ ከተማ አስተዳደር
ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ
በዞኑ ውስጥ ቅርስ ለሚጠብቁ አድባራት፣ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት

ጉዳዩ፦ የሙዚየም መክፈቻ ፖስተር ለማንና እንዴት ሊሠራ እንደሚገባ ሐሳብ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ሙዚየም ሲከፈት ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንደኛው የተጠራ ነው። የጥሪ ካርድ ደርሶታል፣ ወንበር ተይዞለታል፣ ሪባኑ ሲቆረጥ አጨብጭቦ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ሁለተኛውን ማንም አልጠራውም። በማግስቱ ወይም በወሩ ገበያ ውሎ ሲመለስ፣ ልጁን ሊያስመዘግብ ከተማ ሲገባ ወይም መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ ግድግዳ ላይ ያየው ነገር ስቦት ጎራ የሚል ሰው ነው። የተጠራው ሰው ፖስተር አያስፈልገውም፤ ካርዱ በቂው ነው። ፖስተር የሚያስፈልገው ላልተጠራው ነው። በየምረቃው የምናየው ሥራ ግን ከላይ እስከ ታች ለተጠራው የተዘጋጀ ነው።

እኔ በዚሁ በአምቦ በኅትመትና በማስታወቂያ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህ ደብዳቤ ክስ አይደለም፤ ልማዱ የአገር እንጂ የአንድ ቢሮ አይደለምና። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ በዞናችን ሙዚየም በተከፈተ ቁጥር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ይሁን ባለ አንድ ክፍል፣ ፖስተሩ ከምረቃው ማግስት ለሚመጣው ሰው ይሠራ። የቀረው ሁሉ ይህን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ሲመረቅ ዜናው በየቤቱ ገብቷል። ትልቅ ሙዚየም በትልቅ ዜና ይከፈታል። አምቦ፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ ላይ የሚከፈት ባለ ሁለት ክፍል ሙዚየም ግን ካሜራው የሚቆይለት ለግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብቸኛ አፍ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ባነሰ መጠን የፖስተሩ ነገር የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል።

የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ከሆለታ እንነሣ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የገነት ጦር ትምህርት ቤት እዚያ ነው፤ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ጦርነት የደረሰባቸው ዕጩ መኮንኖች ከጥቁር አንበሳ ጦር መሥራቾች መካከል ነበሩ። ትንሽ አለፍ ሲሉ አዲስ ዓለም አለች። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲቸግራት መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት አስበው ግንባታ ካስጀመሩ በኋላ ባሕር ዛፍ የቀድሞዋን ከተማ ታደጋት፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥራም ለደብረ ጽዮን ማርያም ሆነ። ደብሩ ነገሥታቱ የሰጧቸውን ቅርሶች ዛሬም ይጠብቃል። በአምቦ መንገድ በየቀኑ የሚያልፈው ሕዝብ ግን ከመኪናው መስኮት የሚያየው የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች ብቻ ነው።

የጊንጪ አካባቢ ገና በልጅነታቸው ጫካ ገብተው ጣሊያንን የተዋጉት የሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ አገር ነው። ከዚያው በላይ፣ ሁለት ሐይቅ ተያይዞ ቁጥር 8ን የመሰለበት ደንዲ አለ። ወደ ጌዶ ሲሻገሩ የሜጫ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ጨፌ የሚቀመጥበት ኦዳ ቢሲል ይገኛል። በራሷ በአምቦ ደግሞ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም አለ፤ ከሰንቀሌ ምንጭ እየተቀዳ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በጠርሙስ ሲታሸግ የኖረው ውኃ አለ፤ ቦዳ ተወልደው እዚሁ ፊደል የቆጠሩት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አሉ። ከዚህ ውስጥ ለፖስተር የማይሆን የትኛው ነው?

አሁን አንድ የተለመደ የምረቃ ባነር ፊት እንቁም። ከላይ በግራና በቀኝ የባለድርሻ አካላት ሎጎዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ስለተጨመቁ አንዱም አይነበብም። መሐል ላይ ርዕሱ አለ፤ ፊደሉ ቢጫ፣ ጠርዙ ቀይ፣ ከጀርባው ጥቁር ጥላ፣ ከጥላው ጀርባ ደግሞ ነጭ ብርሃን። በቀኝ በኩል የክብር እንግዳው እስከ ወገባቸው ቆመዋል። በግራ የሕንጻው ምስል አለ፤ በኮምፒውተር የተሠራ ነውና ግቢው ውስጥ ያሉት ዛፎች በአገራችን አይበቅሉም፣ የሚንሸራሸሩት ሰዎችም ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ባንዲራው ይውለበለባል፣ ርግቦቹ ይበራሉ፣ ከታች «እንኳን ደስ አላችሁ» ተብሏል።

እንግዲህ ያ ያልተጠራው ሰው ቆሞ ይጠይቅ። ውስጡ ምን አለ? አንድ ዕቃ እንኳ አልታየም። የት ነው? «በአዲሱ ሕንጻ»። መቼ ልምጣ? የተጻፈው የምረቃው ሰዓት ነው፤ እሱም አልፏል። መግቢያው ስንት ነው? ዝም። ከሙዚየሙ ይልቅ ስለ ሥነ ሥርዓቱ የሚናገር ባነር በማግስቱ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ዕድሜ ከሰጠው ደግሞ የጉልት ነጋዴ ከዝናብ ትጠለልበታለች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም አገልግሎቱ ሕዝብን የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

በአደባባይ የሹም ፎቶ መስቀል ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ግዙፍ ምስል ተሸክሞ ኖሯል። ሥርዓት ሲለወጥ ፊቶቹ ተለወጡ፤ አሰቃቀሉ ግን አልተለወጠም። የተለየ መንገድ አልነበረንም ማለት ግን አይደለም። በ1950ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን ቱሪዝም ድርጅት ሲመሩ አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት በፎቶግራፍና በአንድ አጭር መፈክር ነበር፤ «የ13 ወር ፀጋ»። ለሌላው ዓለም እንግዳ የሆነውን የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር ወስደው መስህብ አደረጉት። መፈክሩ «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ሃምሳ ዓመት ገደማ አገልግሏል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የትም የማይገኘውን አንድ ነገር መርጦ እሱን ብቻ ማለት።

በእኛ ሙያ ደጋግሞ የሚነገር አንድ የበርሊን ታሪክ አለ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሉሲያን በርንሃርድ የሚባል ወጣት ፕሪስተር ለሚባል የክብሪት ፋብሪካ የፖስተር ውድድር ይገባል። በመጀመሪያ ጠረጴዛ፣ መተርኮሻ፣ ሲጋራ፣ ከጭሱ ውስጥ የሚወጡ ጨፋሪዎችን ሁሉ ሥሎ ነበር ይባላል። አንድ ወዳጁ አይቶ «የሲጋራ ማስታወቂያ ነው?» ሲለው ጨፋሪዎቹን አጠፋ፣ ሲጋራውን አጠፋ፣ ጠረጴዛውንም አጠፋ። የቀሩት ሁለት የክብሪት እንጨቶችና የፋብሪካው ስም ብቻ ነበሩ። አሸነፈ። የፖስተር ሥራ ከመጨመር ይልቅ ማንሣት መሆኑን ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይማረዋል፤ የሚቸግረው ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሰባት ነገር ያስጨምራል። «እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ፣ ሎጎ ይግባበት» ይባላል። ያ ባዶ ቦታ ግን ዓይን የሚያርፍበት፣ ዕቃውንም የሚያጎላው ነው።

ነገሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር፣ አምቦ ላይ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ቢከፈት እኔ የምሠራውን ልንገራችሁ። ወረቀቱ ኤ2 ነው፤ 42 በ59 ሳንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር ጋር። መደቡ አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ እዚሁ ለግንባታ የሚቆረጠው የአምቦ ድንጋይ ያለው ዓይነት ደብዛዛ ቢጫ። በላዩ ላይ አንድ አሮጌ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ብቻውን ይቆማል። አዲስ ሳይሆን አሮጌ፤ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲገባ ሲወጣ ትከሻው ላይ ነጭ የመፋተግ ቀለበት ያወጣ። ፎቶው ከጎን በሚገባ የመስኮት ብርሃን ይነሣል፤ ጭረቱና በመስታወቱ ውስጥ ያለችው የአየር ጠብታ እንዲታዩ። በጠርሙሱ አጠገብ በትልቁ የሙዚየሙ ስም፣ ከሥር አንድ መስመር፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት፣ በስንት ብር። አለቀ። ሎጎዎቹ ከታች በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ቀለም፣ በትንሹ ይቀመጣሉ።

ለምን ጠርሙስ? አምቦን ያላየ ኢትዮጵያዊ እንኳ ጠርሙሱን ያውቃል፤ የአምቦ ሰው ደግሞ ሙዚየም የሚገባው የንጉሥ ዕቃ ብቻ ይመስለዋል። የራሱ ቤት ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር ለብቻው ተከብሮ ሲያይ «ይህማ እኛ ቤትም አለ» ይላል፤ እግሩም ወደዚያ ያመራል። ሌላውም ሙዚየም እንዲሁ የራሱ ዕቃ አለው። የአዲስ ዓለሙ ከቅርሶቹ አንዱን፣ የጊንጪው የደንዲን የ8 ቅርጽ፣ የሆለታው አንድ የዕጩ መኮንን ቆብ ቢያወጣ ሥዕሉ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁሉም ዕቃ ለፖስተር አይሆንም። ከንዋያተ ቅድሳት የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው ደብሩ ነው። የገዳ ምልክቶቹ ቦኩና ካላቻም ጌጥ አይደሉም፤ አባ ገዳዎች ሳይጠየቁ ከኢንተርኔት አውርዶ ጥግ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። በትሯ ሲንቄም የእናቶች ናትና እነሱ ይጠየቁ። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገበው ሕያው ሥርዓት ሆኖ ነው፤ ባለቤቶቹም በሕይወት አሉ፣ አጠገባችን ናቸው። የገዳን ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለምም ቢሆን ትርጉሙን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር ተመክሮ ቢገባ ፖስተሩ ባለቤት ይኖረዋል።

ወደ ፊደል እንምጣ። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ፈረንጁ ሊጮህ ሲፈልግ ሁሉንም በትልቁ ይጽፋል፤ እኛ ያሉን መሣሪያዎች መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ክፍተት ናቸው። የብራና ጸሐፊዎች ይህን ጥንት ፈትተውታል፤ ርእሱንና የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፣ የምዕራፉን መግቢያ በሐረግ ያስጌጣሉ፣ ሌላውን ሁሉ በጥቁር ይተዋሉ። ሁለት ቀለም፣ በቂ ኅዳግ፣ አንድ ጌጥ። ዛሬ ግን በአንድ ባነር ላይ አምስት ቀለምና አራት ዓይነት ፎንት ይፈስሳል። ከዚያም ፊደሉ ቦታው ላይ እንዲበቃ ወደ ጎን ይለጠጣል። ሙ ከመ፣ ዚ ከዘ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት መሆኑን አስቡ፤ ወፍራም ጠርዝና ጥላ ሲደረብ ጭረቷ ትዋጣለች፣ «ሙዚየም» የሚለው ቃል ራሱ ከመንገድ ማዶ የማይለይ ጥቁር ጉብታ ይሆናል። ጥሩ ፎንት ውድ ነው እንዳይባል አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ አንዱ የቁም ጽሕፈትን ወዝ የያዘ፣ ሌላው ቀጥ ያለና ከርቀት የሚነበብ።

ቋንቋው ደግሞ የዞናችን ትልቁ የዲዛይን ጥያቄ ነው። እዚህ ፖስተር ሲሠራ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጠየቃሉ። የአፋን ኦሮሞው የቁቤ ጽሑፍ አናባቢና ተነባቢ ስለሚደግም ይረዝማል፤ ባህል ማለት የሆነው «አዳ» በግዕዝ ፊደል ሁለት ሆሄ ነው፣ በቁቤ አምስት ይሆናል፤ ታሪክ ማለት የሆነው «ሴና»ም ከሁለት ወደ ስድስት ያድጋል። ዲዛይነሩ በመጀመሪያ በአማርኛ አቀናብሮ አፋን ኦሮሞውን በመጨረሻ «ሲጨምር» መስመሩ አይበቃውም፤ ያኔ ፊደሉን ያሳንሳል ወይም ቃሉን መሐል ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ አቀነባበሩ ከረዥሙ ይጀመር። የሀገሬው ቋንቋ በገዛ ከተማው ግድግዳ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ሊሆን አይገባም። ከዚያም ሦስቱን መስመር በመስመር ከማደባለቅ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ቦታ መስጠት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያው አንድ ሥዕል በሁለት ኅትመት መውጣቱ ነው፦ አንደኛው በአፋን ኦሮሞ ለገበያውና ለገጠሩ፣ ሌላኛው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለአዲስ አበባ እንግዳ። ወጪው የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ተነባቢነቱ ግን እጥፍ ይሆናል።

የሰዓት ነገርም አለ። «ከጠዋቱ 3፡00» የሚለውን ሲተረጉሙ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ካሻገሩት የውጭ ጎብኚው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ በሩ ላይም ጥበቃውን ብቻ ያገኛል። ቀኑም እንዲሁ፤ የእኛው በእኛ አቆጣጠር፣ የእንግሊዝኛው በእነሱ፣ ሁለቱ በአንድ መስመር ሳይጋጩ። ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስላል፤ ግን ከኅትመት በፊት አንድ ሰው ጣቱን እያስኬደ ካላነበበው የሚያመልጠው ይኸው ነው።

ስለ ፎቶው ጥራት አንድ ነገር ልበል፤ በየቀኑ የሚገጥመን ነውና። ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ረዥሙ ጎኑ ወደ 1280 ነጥብ ይወርዳል። ኤ3 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት ለማተም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ለረዥሙ ጎን ወደ 5000 ማለት ነው። በቴሌግራም የመጣው ፎቶ እዚያ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ በኢንች የሚደርሰው 77 ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያማረው ቅርስ ወረቀት ላይ ጭጋግ የለበሰው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፎቶውን «እንደ ፋይል» መላክ ነው።

አሁን ወደ ግዢው ክፍል። የኅትመት ሥራ የሚሰጠው በሦስት ፕሮፎርማ ነው፤ ባነር የሚታሰበው በካሬ ሜትር ነው፤ ዲዛይኑ በምርቃት ይገባል። በዚህ አሠራር የሚገዛው ስፋት ነው፣ ሐሳብ አይገዛም። ዋጋ ሰብሮ ያሸነፈው ባለሙያ ዲዛይኑን የሚሠራው ማታ ነው፤ ባምናው ባነር ላይ ስሙን ቀይሮ ቢያስረክብ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ዲዛይን በጨረታው ሰነድ ላይ ራሱን የቻለ አንድ መስመር፣ የራሱ ክፍያና የራሱ ቀን ይኑረው። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥም አንድ ሰው ይሰየም፤ ኮሚቴው ሐሳብ ይስጥ፣ አንዱ ይወስን። ለአራት ካሬ ባነር የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ የወረቀት ፖስተር ይበቃል፤ አንድ ግዙፍ ነገር ለአንድ ቀን ከመስቀል ብዙ ትንንሽ ነገሮች ለወራት ቢሰነብቱ ይሻላል።

ደግሞም የፖስተር ዲዛይን የወጣት ሥራ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ የኅትመት ጥበብ ከትምህርቱ ጎን ለጎን አድጓል፤ ከዚያ የወጡ እጆች የአገሪቱን ፖስተሮች ሠርተዋል። እዚህ አምቦ ደግሞ በስልካቸው ዲዛይን እየሠሩ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ተማሪዎች አሉ፤ በቀለምና በብሩሽ ሲሠሩ የኖሩ ታፔላ ጻፊዎችም ገና አልጠፉም። ውድድር ይውጣ። ለአሸናፊው ይከፈል፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛውም ይከፈል። «ለአገር ነው፣ በነፃ ይሥራልን» የሚባለው ቃል ከሲሚንቶ ነጋዴው ጋር እስካልተሞከረ ድረስ ዲዛይነሩ ጋ ብቻ አይምጣ።

የት ይለጠፍ? በሙዚየሙ በር ላይ የሚለጠፍ ፖስተር በሩን ላገኘ ሰው ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስታወቂያ ሥራውን ለፍራንክ ፒክ ሲሰጥ፣ ሰውየው ባቡሩን ማሳል ትቶ ባቡሩ የሚያደርስበትን መናፈሻና ሙዚየም አሳለ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ባዶውን የሚሄደው ፉርጎ እንዲሞላ። የእኛ ባቡር አባዱላውና ባጃጁ ነው። ከአዲስ አበባው አስኮ አምቦ የሚመላለሰው መኪና ተሳፋሪውን ከሁለት ሰዓት በላይ አስቀምጦ ይጓዛል፤ ከፊቱ ያለው የወንበር ጀርባ ባዶ ነው። ከባለንብረቶቹ ማኅበራት ጋር ብንነጋገር ሁለታችንም እንጠቀማለን። ሌሎቹ ቦታዎች ሰው ወረፋ የሚጠብቅባቸው ናቸው፦ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ገቢዎች፣ ፀጉር ቤት፣ ቡና ቤት፣ የትምህርት ቤት ሰሌዳ። ፀሐይ የሚያገኘው ቀለም ቀዩና ቢጫው ቀድሞ ይሞታል፣ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል፤ በየመንገዱ ሰማያዊ ሆነው የምናያቸው ያረጁ ፎቶዎች ምሥጢር ይኸው ነው። ስለዚህ ከጣሪያ ሥር፣ ከተቻለ ከመስታወት ጀርባ ይሁን፤ ክረምቱም እንዳይወስደው።

ከእያንዳንዱ ፖስተር ደግሞ ጥቂት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ በሙዚየሙ መዝገብ ቤት፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ አዲስ አበባ ወመዘክር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለዚህ ዘመን የሚጽፍ ሰው ምን እንዳከበርንና ለማን እንደተናገርን የሚያይበት ነውና እሱም ቅርስ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ይህን ሁሉ ለመጀመር የአዲስ ሕንጻ ምረቃ መጠበቅ አያስፈልግም። ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሜይ 18 ይከበራል፤ በእኛ ግንቦት 10 ነው። በሚቀጥለው ግንቦት 10 ሦስት ቦታዎች፣ ለምሳሌ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪና አምቦ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዕቃ ለሕዝብ ያሳዩ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ፖስተር ይሠራ። ፎቶ የሌለበት ማለቴ የሹም ፎቶ የሌለበት፤ ዕቃው፣ ስሙ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ ብቻ። ከዚያ በር ላይ የሚቆመው ሰው ለሚገባው ሁሉ አንዲት ጥያቄ ይጠይቅ፦ «እንዴት ሰማህ? እንዴት ሰማሽ?» «ወረቀቱን አይቼ» የሚሉት ስንት እንደሆኑ ይቆጠር። ቁጥሩ ካላረካችሁ ወደ ቢጫው ፊደልና ወደ ርግቦቹ መመለስ ትችላላችሁ።

የእነዚህን የሦስት ፖስተሮች የናሙና ኅትመት ወጪ እኔ እችላለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ዕቃዎቹን የሚመርጡ ሰዎች እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዲሰየሙ፣ ናሙናው ሲቀርብም ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር ሳይሆን መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመን እንድንገመግመው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

በኅትመትና በማስታወቂያ ዲዛይን ሥራ የሚተዳደር የከተማው ነዋሪ
ሀገረ ሕይወት (አምቦ)

ግልባጭ፦
በዞኑ ለሚገኙ የኅትመትና የማስታወቂያ ቤቶች
ለሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረቶች ማኅበራት
ገና ላልተጠራው ሰው